የጥር ጉዞ ወደ ዋታሙ፦ ሐሳቡን እዚሁ አርመን እናቅርበው

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ እዚህ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ቡና ላይ ያነሳነውን ጉዳይ ወደ ወረቀት ላወርደው ነው። ለማኅበራችን ኮሚቴ የምናቀርበው ባጭሩ ይህ ነው። አሥር አባላት ወደ ኬንያ ሄደን ዋታሙ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ስኩባ (የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ መጥለቅ) እንጠልቃለን። ዋታሙ ከሞምባሳ ወደ ሰሜን መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የባሕር ፓርኩ ከጎረቤቱ ከማሊንዲ የባሕር ፓርክ ጋር የተከለለው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ፓርኩ ውስጥ ዓሣ ማጥመድ ክልክል ነው። ኮራሉ ያለው ብዙም ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ስለሆነ ለጀማሪ አያሰጋም ብዬ ነው የመረጥኩት።
ረቂቁ፦ የካቲት ውስጥ፣ አምስት ቀን። የመጀመሪያው ቀን መንገድ፣ ቀጥሎ ሦስት ቀን ጠለቃ፣ በአምስተኛው ቀን ጠዋት አንዴ ጠልቀን ማታ በአውሮፕላን መመለስ። እስከ ሐሙስ አስተያየታችሁን ጻፉልኝ።

ሒሳብ ያዥ፦
የካቲት አይሆንም። ረመዳን ይገባል፣ ከመካከላችን ብዙው ጿሚ ነው። ጥር ላይ፣ ጥምቀት እንዳለፈ ይሁን። ያኔ ቡናውም ተለቅሞ ያልቃል፣ የሰው እጅም ትንሽ ይፈታል። ባሕሩም ያን ጊዜ ጥሩ ነው። ካስካዚ የሚሉት የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ሲነፍስ ውሃው ይጠራል። በእኛ ክረምት ግን ኩሲ የሚሉት ከደቡብ ይመጣና ያናውጠዋል። አምስት ቀን ላይ ግን እንዳትነኩኝ። በዕቁባችን የምንችለው እሱን ብቻ ነው። አንድ አዳር ተጨመረ ማለት ለአሥር ሰው አሥር አዳር ነው።

ነርሷ፦
ጋሼ፣ በጥር ይሁን ባሉት እስማማለሁ። የአምስተኛው ቀን ጠለቃ ግን ይውጣልኝ። በዚህ ነገር ዝም ማለት አልችልም።
ውሃ ውስጥ ስንቆይ የምንተነፍሰው ናይትሮጅን በግፊቱ ምክንያት ደማችንና ሥጋችን ውስጥ ይሟሟል። ከወጣን በኋላ ቀስ እያለ በትንፋሽ ይወጣል። ሳይወጣ ወደ ከፍታ ከሄድን ግን እንደተከፈተ ለስላሳ አረፋ ይሠራል። መገጣጠሚያ ላይ ሲሆን ሕመም ነው። አከርካሪ ወይም አንጎል ላይ ከሆነ ሽባ ሊያደርግ ይችላል። አውሮፕላን ውስጥ ያለው ግፊት 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን ያህል ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ የጠለቀ ሰው ከመብረሩ በፊት ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ የጠለቀ ደግሞ ቢያንስ 18 ሰዓት ይጠብቅ ይባላል።
አሁን የእኛን አገር አስቡት። ሞምባሳ የሚኖር ሰው ከአውሮፕላን ሲወርድ በእርግጥም ወረደ። እኛ ቦሌ ስናርፍ ያለነው 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ጅማም ብንደርስ 1,780 ሜትር ነው። ለሰውነታችን በረራው አላለቀም ማለት ነው። በመኪና በሞያሌ እንመለስ የምትሉም አላችሁ። መንገዱ በናይሮቢ ከሆነ እሷም 1,800 ሜትር አካባቢ ናት። ስለዚህ ከባሕሩ ዳር ሳንነሳ አንድ ሙሉ ቀን እንረፍ።
ሌላ ደግሞ። ወንድሜ ጸሐፊ፣ "ጥልቀት ስለሌለው አያሰጋም" የሚለውን እባክህ ሰርዘው። ግፊት በእጥፍ የሚጨምረው ገና በመጀመሪያዎቹ 10 ሜትሮች ነው። ጆሮ የሚታመመውም እዚያው ነው። ከሲሊንደሩ አየር ስቦ ትንፋሹን ይዞ ወደ ላይ የወጣ ሰው፣ አንድ ሜትር ከምናምን ውሃ እንኳ ሳንባውን ሊቀደው ይችላል። "ትንፋሽ አይያዝም" የሚለው ቃል በትልቁ ይጻፍልኝ። አስም፣ የልብ ሕመም ወይም የቆየ የጆሮ ችግር ያለበት አባል ደግሞ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ሐኪም ይየው።

ጅቡቲ የጠለቀው አባል፦
እሷ ያለችው ላይ አልጨምርም። እኔ የማወራው ስለ ኮራሉ ነው።
ሙሻ ደሴት አጠገብ በጠለቅኩ ጊዜ ወደ ታች እየሰመጥኩ እንደሆነ አልገባኝም። ደንግጬ እግሬን አወራጨሁ። እግሬ ላይ ያጠለቅኩት መቅዘፊያ (ፊን) አንዱን ቅርንጫፋም ኮራል መታው፣ ቀንጠስ አለ። እስካሁን ያንን ሳስብ ደስ አይለኝም። ድንጋይ ይመስላል እንጂ ሕይወት ያለው እንስሳ ነው። ውስጡ የሚኖሩት ጥቃቅን አልጌዎች ከብርሃን ምግብ ሠርተው ያካፍሉታል። ውሃው ከልክ በላይ ሲሞቅ አልጌዎቹን ያስወጣቸውና ይነጣል፣ ካልቀዘቀዘለት ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ1998 የኬንያ ዳርቻ ኮራል ክፉኛ የተጎዳው እንዲህ ሆኖ ነው። ቅርንጫፋሙ በዓመት ጥቂት ሳንቲሜትር ያድጋል። ክቡ ግን 1 ሳንቲሜትር ቢያድግ ነው። ጭንቅላት የሚያህል ካያችሁ ብዙ ዓመት እያያችሁ ነው።
ስለዚህ ልምምዱ እዚህ ጅማ፣ ገንዳ ውስጥ ይጀመር። ለስምንት ሳምንት፣ በሳምንት ሁለቴ። ሰውነትን አግድም አድርጎ መዋኘት፣ እጅን ደረት ላይ አጥፎ መቅዘፍ፣ ማስክ ውስጥ የገባ ውሃ ማስወጣት። እዚያ ስንደርስ የመጀመሪያው ጠለቃ አሸዋ ላይ ይሁን። ኮራሉ ጋ የምንሄደው ሳንወጣ ሳንወርድ ባለንበት መቆም ስንችል ነው። ጓንት አይደረግ፣ ጓንት ያደረገ ሰው መንካት ያምረዋል። ለፀሐዩ ከቅባት ይልቅ እጀ ረጅም ልብስ ይሻላል።

ተማሪው አባል፦
እኔ ገና አውቄ የማልጨርሰው ነገር አለ። ለመጀመሪያው ኮርስ 200 ሜትር ዋኝቶ 10 ደቂቃ መንሳፈፍ ይጠየቃል ሲባል ሰምቻለሁ። መንሳፈፉን እችላለሁ። መዋኘቱ ግን 80 ሜትር ላይ ያቅተኛል። ቀረሁ ማለት ነው?

አሠልጣኝ፦
አልቀረህም። የሰዓት ገደብ የለውም፣ ቀስ ብለህ ብትዋኝም ይቆጠርልሃል። የሚያቅትህ ትንፋሽህን ውሃ ውስጥ ስለማታወጣ ነው። ማክሰኞ ከሁሉ ቀድመህ ና፣ ለብቻህ አሠራሃለሁ። እስከ ጉዞው ድረስ ካልሞላልህ ኮርሱን አትወስድም፣ እኔው እያየሁህ በስኖርክል (በመተንፈሻ ቱቦ) ከላይ ሆነህ ኮራሉን ታያለህ። ይህ ለማንም እኩል ይሠራል።

ሒሳብ ያዥ፦
እህቴ፣ የእኔም ልጅ ከምትሄዱት አንዷ ናት። የጻፍሽውን ሁለቴ አነበብኩት።
ቁጭ ብዬ ሳሰላው ደግሞ አዳር መጨመር አላስፈለገም። የአምስተኛውን ቀን ጠለቃ እናወጣለን። በአራተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ከውሃ ወጣን እንበል። በአምስተኛው ቀን ማታ እስክንበር ከ24 ሰዓት በላይ አለን። የምናጣው አንድ ጠለቃ ነው፣ የሱም ዋጋ ለሲሊንደርና ለጀልባ የሚወጣ ነበር። በዕረፍቱ ቀን ሚዳ ክሪክ የሚባለውን የማንግሮቭ ደን በእግር እንይ።
አንድ ነገር ልለምን። እዚያ ካለው ጥብቅ ፓርክ ቀጥሎ ሪዘርቭ የሚሉት አለ። በሪዘርቩ ውስጥ የአካባቢው ሰው በባህላዊ መንገድ ዓሣ ያጠምዳል። ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር ወሰኑን እንዴት ተስማሙበት? ይህን ጠባቂዎቹን ጠይቁልኝ። እዚህ ጅማ ያለውን ቦዬ ረግረግን በየዓመቱ ከየአቅጣጫው ሲገፉት እያየሁ ነው። መልሱ ለእኛም ይጠቅመናል።

ጸሐፊ፦
አመሰግናለሁ። እንዲህ አረምኩት።
"ጉዞው በጥር፣ ከጥምቀት በኋላ፣ ለአምስት ቀን ይሆናል። ከስምንት ሳምንት የገንዳ ልምምድ በፊት ማንም አይሄድም። የጤና ጥያቄውን ያልሞላ አይከፍልም። የሙከራ ጠለቃ ከ12 ሜትር፣ ኮርሱን የጨረሰ ሰው ጠለቃ ከ18 ሜትር አይበልጥም። ጠለቃ በአራተኛው ቀን እኩለ ቀን ያበቃል። በዕረፍቱ ቀን ሚዳ ክሪክን አይተን ስለ ሪዘርቩ ወሰን ጠባቂዎቹን እናነጋግራለን። ኮራል አይነካም። ትንፋሽ አይያዝም።"
"አያሰጋም" ያልኩትን ሰርዣለሁ። ማስክ ያላችሁ ቅዳሜ ይዛችሁ ኑ፣ ፊታችሁ ላይ ልክ መሆኑን አሠልጣኙ ያይላችኋል።