የተጫዋች ደመወዝ ክስ የት ልክፈት?

ደብረ ማርቆስ ነኝ። መጀመሪያ ስፖርት ማኔጅመንት ተማርኩ፣ ቀጥዬ ሕግ። የክልል የጥብቅና ፈቃድ አለኝ። ሁለቱን አጣምሬ ልሠራ ነበር ሐሳቤ፤ እስካሁን የያዝኩት ግን የመሬትና የውርስ ክርክር ብቻ ነው። ጎጃም ውስጥ ጠበቃ ሆኖ ከመሬት ማምለጥ ዘበት ነው።

አሁን የመጀመሪያው የስፖርት ጉዳይ መጣልኝ። የ3 ወር ደመወዝ ያልተከፈለው አጥቂ ነው። ውሉ አንድ ገጽ ነው፤ ክብ ማኅተሙ ደመወዙ ላይ አርፎ ቁጥሩ 3 ይሁን 8 አይለይም። ክርክር የት እንደሚታይ ምንም አይልም። የፊፋን የዝውውር ደንብ ይዤ የ15 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠሁ። ክለቡ ጭጭ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ሠራተኛ ነው ብዬ ክስ ይዤ ስሄድ፣ መዝገብ ቤት «የኳስ ነገር ፌዴሬሽን ነው» ብለው መለሱኝ።

እንዲህ ያለ ጉዳይ የያዛችሁ፣ ውሉ ዝም ሲል መጀመሪያ የት አመለከታችሁ፣ ፌዴሬሽን ወይስ ፍርድ ቤት?