ሜቶኒሚና ሲኔክዶኪ አምታተውኛል፣ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች፣ ከደሴ ነው የምጽፈው። ከፍ ያለ የእንግሊዝኛ ኮርስ ጀምሬ የሥነ ጽሑፍ ቃላት መዓት ወርዶብኛል።

ሲሚሊና ሜታፎር አላስቸገሩኝም፤ ተነጻጻሪና ተለዋጭ ዘይቤ ብለን ድሮ ተምረናቸዋል። አናፎራም ገብቶኛል። ያው ቃል በየዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ሲደጋገም ነው። መንዙማ እየሰማ ላደገ ሰው ድግግሞሽ ምን ይከብዳል?

የተያዝኩት ሜቶኒሚና ሲኔክዶኪ ላይ ነው። እንደገባኝ ሲኔክዶኪ ክፍሉን ጠርቶ ሙሉውን ማለት ነው፤ እንግሊዞች መርከበኞችን «እጆች» እንደሚሉት። ሜቶኒሚ ደግሞ የሚዛመደውን ጠርቶ ባለቤቱን ማለት ነው። «አራት ኪሎ ወሰነ» ስንል መንግሥትን ማለታችን አይደል?

እስከዚህ ጥሩ። ትናንት ግን መልመጃ ላይ ለንጉሡ «ዘውዱ» የሚል መጣ። ሲኔክዶኪ ብዬ መለስኩ፣ ኤክስ ገባበት። ዘውዱ እኮ አናቱ ላይ ነው ያለው! ቡናው በረካ እስኪደርስ ከእህቴ ጋር ተከራከርን። እሷ «ዘውድ ይወልቃል፣ እጅ ግን አይወልቅም» ትላለች። ይሄ መለያ ሁልጊዜ ይሠራል? ወይስ የሚያፈርሰው ምሳሌ አለ? «ጉሮሮዬን ዘጋብኝ» ሲባልስ፣ እንጀራዬን ለማለት፣ የቱ ጋ ይመደባል?

በአማርኛ ምሳሌ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል። ፈተናው ማክሰኞ ነው።