ወደ ባሕር በገባ ኮረብታ ላይ የአንድ ቀን የእግር ጉዞ፤ ምን እናስብበት?

ተጓዥዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ምክር ፈልጌ ነው። ቅዳሜ አራት ሆነን ወደ ባሕሩ ዘልቆ የገባ ኮረብታ ልንዞር አስበናል። ዙሪያው በካርታው 12 ኪሎ ሜትር ነው፣ ዳገቱ ሁሉ ሲደመር 450 ሜትር ይሆናል። ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ተነስተን በገደሉ አናት እስከ ጫፉ እንሄዳለን፣ ከዚያ ወዲያ ማዶ ያለውን ረጅም ደረጃ ወርደን የመጨረሻውን 2 ኪሎ ሜትር ከገደሉ ሥር በአሸዋው እንመለሳለን። መራመድ አይከብደንም፣ ግን ባሕር ዳር እንዲህ ሄደን አናውቅም። አንዷ ጓደኛችንን ደግሞ ቁልቁለት ላይ ጉልበቷን ያማታል። ስንት ሰዓት ይፈጅብናል? ውሃስ ምን ያህል እንያዝ? ያላሰብነው ነገር ካለም ንገሩን።

እግረኛው፦
ሰላም እህቴ። ለሰዓቱ አንድ የቆየ ስሌት አለ፣ ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊሊያም ናይስሚዝ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው። ለ5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት ትይዣለሽ፣ ለየ600 ሜትር ዳገት ሌላ 1 ሰዓት ትጨምሪያለሽ። የእናንተ መንገድ 2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ፣ ዳገቱ 45 ደቂቃ፣ በጠቅላላው 3 ሰዓት ከ10 ገደማ ይመጣል። ይሄ ግን ሳያርፍ ለሚሄድ ጠንካራ ሰው ነው። ምሳ አለ፣ ፎቶ አለ፣ አሸዋ ላይ እግር ይሰምጣል፣ ስለዚህ 5 ሰዓት ያዙለት።

450 ሜትሩን ደግሞ አንድ ዳገት አድርጋችሁ እንዳታዩት። የባሕር ዳር መንገድ ሸለቆ ባገኘ ቁጥር ይወርድና እንደገና ይወጣል፣ የሚያደክመው እሱ ነው። ለጓደኛሽ ሁለት ምርኩዝ ፈልጉላት፣ ቁልቁለት ላይ ከጉልበት ላይ ጫናውን ይቀንሳል። ውሃ በሰው 2 ሊትር፣ ሙቀት ካለ ከዚያም በላይ።

ባሕር አዋቂ፦
ቆይ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቅዳሜ ባሕሩ ስንት ሰዓት ነው የሚሞላው? ከገደል ሥር በአሸዋ እንመለሳለን ካላችሁ ትልቁ ጉዳይ እሱ ነው።

ተጓዥዋ፦
የሙላት ሰንጠረዡን አሁን አየሁት። ዝቅ የሚለው 11:20፣ ከፍ የሚለው 17:30 ይላል።

ባሕር አዋቂ፦
እሺ። ሰንጠረዡ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ስለሆነ 11:20 ማለት በእኛ ከረፋዱ 5:20፣ 17:30 ማለት ከቀኑ 11:30 ነው። ይሄን አራታችሁም በአንድ ዓይነት ጻፉት፣ የ6 ሰዓት ልዩነት እዚህ ላይ ቀልድ አይደለም።

አሁን ዕቅዳችሁን ተመልከቺው። 3 ሰዓት ተኩል ተነስታችሁ በአናቱ ከዞራችሁ አሸዋው ላይ የምትደርሱት 7 ሰዓት ተኩል ወይም 8 ሰዓት አካባቢ ነው። ባሕሩ ደግሞ እኩል እየጨመረ አይሞላም። ከዝቅታው በኋላ የመጀመሪያው ሰዓት ላይ ብዙም አታዩትም፣ በ3ኛውና በ4ኛው ሰዓት ግን የሙላቱ ግማሽ ያህል ይገባል። እናንተ ልክ በዚያ ሰዓት ግራችሁ ገደል፣ ቀኛችሁ ውሃ ሆኖ ትገኛላችሁ። ወጣ ያለ ዓለት አንድ ቦታ ከከለከላችሁ ወደ ኋላም ማለት ላይቻል ይችላል።

መፍትሔው ቀላል ነው፣ ዙሩን ገልብጡት። 3 ሰዓት ተኩል ላይ በአሸዋው ጀምሩ። ባሕሩ ገና እየሸሸ ነው፣ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ደረጃው ሥር ትደርሳላችሁ፣ ዝቅታው ሊደርስ 50 ደቂቃ ይቀረዋል። ያን ረጅም ደረጃ ሳትወርዱት ትወጡታላችሁ፣ ለጓደኛሽም ጉልበት ይሻላል። እርጥብ ዓለት ላይ አረንጓዴ ወይም ጥቁር የሚያብረቀርቅ ነገር ካያችሁ አትርገጡት፣ አልጌ ነው፣ ጥሩ ጫማም አያድንም። ፊታችሁን ከባሕሩ አታዙሩ።

ነፋሻማው፦
መገልበጡ ጥሩ ነው፣ ግን ከሰዓት አናቱ ላይ ትሆናላችሁ ማለት ነው። ፀሐያማ ቀን ከሆነ የብሱ ከባሕሩ ቀድሞ ስለሚሞቅ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ከባሕር ወደ የብስ ይነሳል፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ይጠናል። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ነው። ትንበያው ላይ የመደበኛውን ነፋስ ብቻ ሳይሆን ድንገት የሚመታውን ፍጥነት እዩ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ከደረሰ እኔ ብሆን ጫፉን እተወዋለሁ። በካርታው ላይ ወደ ውስጥ የሚያቋርጥ መንገድ ካለ ከወዲሁ ምልክት አድርጉበት።

አፋፉ ላይ ለፎቶ ብላችሁ አትጠጉ። ከላይ ሣር ለብሶ ደልዳላ የሚመስለው መሬት ከሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል፣ ቆማችሁበት አይታወቃችሁም። ዝናብ ከዘነበ በኋላ ደግሞ ከላይም ከሥርም ይናዳል፣ አሸዋው ላይ ስትሆኑም ከገደሉ ራቅ በሉ፣ ምሳ ለመብላት ጥላ ነው ብላችሁ ሥሩ አትቀመጡ።

እግረኛው፦
በነፋሱ እስማማለሁ። ነፋሱ ፀሐይዋን እንዳያስረሳችሁም። ደመና ቢኖርም ያቃጥላል፣ የባሕር አረፋና አሸዋ ጨረሩን መልሰው ይረጩታል፣ ከአገጭ ሥር ሁሉ ክሬም ተቀቡ። የሚታሰር ባርኔጣ ያዙ።

ብቻዬን ሂያጅ፦
ስለ ስልክ ልጨምር። ገደል ሥር ኔትወርክ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ካርታውን ቤት እያላችሁ አውርዱት፣ ጂፒኤስ ያለ ኔትወርክ ይሠራል። አንዱ ስልክ ጠፍቶ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ። የአካባቢውን የአደጋ ጊዜ ቁጥር ሳትነሱ አጣሩ፣ በብዙ አገር 112 ይሠራል። ፊሽካ ያዙ፣ እርዳታ ለመጥራት እንዲህ ይነፋል፦ በደቂቃ 6 ጊዜ፣ ከዚያ አንድ ደቂቃ ዝም፣ ደግሞ 6። የተሰማው ሰው በ3 ይመልሳል። ቤት ለቀረ ሰው መንገዱንና የምትመለሱበትን ሰዓት ጽፋችሁ ስጡ፣ "እስከ 11 ሰዓት ካልደወልን እርዳታ ጥራ" ብላችሁ በግልጽ።

ተጓዥዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ነው የረዳችሁኝ። እንገለብጠዋለን። 4 ሰዓት ከሩብ ላይ የአሸዋውን ግማሽ ካላለፍን ወደ ኋላ እንመለሳለን ብለን ተስማምተናል። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ አየሩ ከተበላሸና ለሚቀጥለው ቅዳሜ ካዛወርነው ይሄው ሰዓት ይሠራል?

ባሕር አዋቂ፦
አይሠራም! ሙላቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል፣ በ7 ቀን ወደ 6 ሰዓት ይጠጋል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ዝቅታ ሳይሆን ሙላት ነው የሚጠብቃችሁ። ወይ አሸዋውን ትታችሁ በአናቱ ደርሳችሁ በመጣችሁበት ተመለሱ፣ ወይ ሁለት ሳምንት ቆዩ፣ ያን ጊዜ ሰዓቱ ወደዚሁ ይመለሳል። ለማንኛውም የዚያኑ ቀን ሰንጠረዥ እንደገና እዪ። ጨረቃ ሙሉ ወይም አዲስ በምትሆንበት ሰሞን ከሆነ ባሕሩ ከሌላው ጊዜ ከፍ ብሎ ይሞላል።