ልጆችን ከጸያፍ ፊልምና ትርኢት ስለመጠበቅ ለከተማው አስተዳደር ስለምናቀርበው የጋራ ሐሳብ፦ የዕቅድ ውይይት፣ ፍኖተ ሰላም

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ ወገኖቼ፣ የመጀመሪያው ረቂቅ «አዲስ ሕግ ይውጣልን» ይላል። ይህ ይሰረዝ እላለሁ፤ ሕጉ አለ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 640 ጸያፍ ጽሑፍና ምስልን፣ በ641 ጸያፍ ትርኢትን ይከለክላል፤ 644 ደግሞ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች ብቻ የተጻፈ ነው። የጎደለው በቪዲዮ ቤቱ በር ላይ ቆሞ «ዕድሜህ ስንት ነው?» የሚል ሰው ነው።

አንዲት እናት፦ ልክ ነህ ወንድሜ። በገበያ ቀን ልጄን ፍለጋ አንድ ቪዲዮ ቤት ገባሁ። መጋረጃውን ገለጥ ሳደርግ ከአግዳሚው ሥር የደብተር ቦርሳዎች ተደርድረዋል። ልጄ ዐሥራ አንድ ዓመቱ ነው። በረኛው ሳንቲሙን ቆጥሮ ተቀብሎታል እንጂ ማንነቱን አልጠየቀም። ያን ማታ እራቱን ሳይበላ ተኛ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ቀና ብሎ አላየኝም። እባካችሁ፣ «የተገኘ ልጅ ለወላጁ ይሰጥ፣ ጣቢያ አይጎተት» የሚል ይግባልኝ። ተጠያቂው በሩን የከፈተለት ነው።

መምህር፦ የእትዬ ሐሳብ እንዳለ ይግባ። እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ግን ሚሞሪ ካርድ ላይ ፊልም የሚጭነው ኮምፒውተር ቤት ነው። ከቪዲዮ ቤት ልጅን ጎትቶ ማውጣት ይቻላል፤ ኪሱ ውስጥ ያለውን ማን ያያል? ምስሉ ላይ ያለው ራሱ ልጅ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ከባድ ነው፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 12 ይመለከተዋል። ለማስረጃ ብላችሁ እንኳ ወደ ሌላ ስልክ አትላኩ፤ ስልኩን እንዳለ ለፖሊስ አስረክቡ።

የሽማግሌዎች ተወካይ፦ በረቂቁ ላይ «ማናቸውም የምሽት ዘፈን ይታገድ» የሚለውን አልፈርምም። በቅኔ አገር፣ በጎጃም፣ አዝማሪን ከነመሰንቆው ከጸያፍ ትርኢት ጋር አንደባልቅ። አንቀጽ 642 እኮ የሥነ ጥበብና የሥነ ጽሑፍ ሥራን ለይቶ አውጥቷል። እኛም እንለይ። ልጆቹ በምሽት መጠጥ ቤት አይግቡ ካላችሁ ግን ቀድሜ እፈርማለሁ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ ጋሼ፣ ተሰርዟል፤ በምትኩ የልጆቹ መግቢያ ተጽፏል። የእትዬና የመምህሩም ገብቷል። ደብዳቤው ከመውጣቱ በፊት የቪዲዮና የኮምፒውተር ቤቶቹን ባለቤቶች በሽማግሌ እናነጋግር፤ አብዛኞቹ የራሳችን ጎረቤቶች፣ የልጆች አባቶች ናቸው። ከጋሼ ጋር ማን ይሄዳል?

አንዲት እናት፦ እኔ እሄዳለሁ።