ከነጎድጓድ በኋላ ኤስ7-300 አልነሳ አለ፤ ሲፒዩው ተቃጥሏል ማለት ነው?

ቀሻሪ_ጅማ
ሰላም ባለሙያዎች። ጅማ ያለ የጀንፈል ቡና መቀሸሪያ ነው። ፒኤልሲው (ማሽኖቹን የሚያዘው ኮምፒውተር) ኤስ7-300፣ ሲፒዩው (ዋናው ክፍሉ) 315-2ዲፒ፤ ከጎኑ ሁለት የኢንፑት፣ ሁለት የአውትፑትና አንድ የአናሎግ ካርድ አሉ። ትናንት በነጎድጓድ መብራት ሄዶ ሲመለስ ሳይነሳ ቀረ። የፓወር ሰፕላዩ አረንጓዴ መብራት በርቷል፤ ሲፒዩው ላይ ግን አንድም አይበራም፣ ዲሲ5ቪ የሚለው ጭምር። ኤል+ እና ኤም (የ24 ቮልቱ ፕላስና ማይነስ) ላይ ስለካ 23.8 ቮልት አለ። የፕሮግራሙ ኮፒ በእጃችን የለም። ከአዲስ አበባ ሲፒዩ ልዘዝ ወይስ መጀመሪያ የሚታይ ነገር አለ?

ፓናል_ፈታሽ
ሲፒዩ ለማዘዝ አትቸኩል። 24 ገብቶ ዲሲ5ቪ ካልበራ፣ ወይ 24ቱን ወደ 5 የሚያወርደው የሲፒዩው ክፍል ሞቷል፣ ወይ ከካርዶቹ አንዱ ከኋላ በባሱ (ካርዶቹን ከሲፒዩው ጋር በሚያገናኘው መስመር) በኩል ሾርት ሆኖ 5 ቮልቱን ጎትቶ አውርዶታል። ሁለቱም ከፊት ሲታዩ አንድ ናቸው። የሚለየው ሲፒዩውን ብቻውን በማስነሳት ነው።

ብሬከሩን አጥፋና ሌላ ሰው እንዳያበራው ቆልፈው። የፊት ኮኔክተሮቹን ከነሽቦአቸው ንቀል፤ ሽቦ መፍታት አያስፈልግም፣ ግን የትኛው የየትኛው ካርድ እንደሆነ ጻፍባቸው። የፕሮፊባስ (የመገናኛ ኬብሉን) ሶኬትም አውጣ፣ እሱም ሾርት ሊያደርግ ይችላል። ከዚያ ከቀኝ ጫፍ ጀምረህ ካርዶቹን አንድ በአንድ አውርድ፤ ከሲፒዩው ጀርባ ያለችውን የባስ ማገናኛም አትርሳ። አሁን አብራ። ዲሲ5ቪ ከበራ ሲፒዩው ደህና ነው። አጥፍተህ አንድ ካርድ ጨምር፣ አብራ፤ እንዲህ እያልክ 5 ቮልቱን የሚያጠፋውን ታገኘዋለህ። መብራት ላይ እያለ ካርድ መንቀልም መሰካትም ክልክል ነው። ደህናው ካርድ የሚቃጠለው እንደዚያ ነው።

ጊቤ_24ቮ
በተባለው ላይ ሁለት ነገር ልጨምር። 23.8 ያለ ጭነት የተለካ ከሆነ ብዙም አይነግርህም። ሁለት የጭነት መኪና አምፖል፣ 24 ቮልት 21 ዋት የሚለውን፣ በፓራለል አገናኝና የሰፕላዩ መውጫ ላይ ስቀል፤ 1.75 አምፔር ይስባሉ። ቮልቴጁ ከ20.4 በታች ከወረደ ሰፕላዩን ቀይር። ከዚያ መልቲሜትሩን ኤሲ ላይ አድርገህ ሪፕሉን (ዲሲው ላይ የቀረውን መወዛወዝ) ለካ፤ ከጥቂት አስር ሚሊቮልት ካለፈ የውስጥ ካፓሲተሮቹ ደርቀዋል። ርካሽ መልቲሜትር ዲሲውንም ጨምሮ 50 ምናምን ቮልት ሊያሳይህ ስለሚችል 1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በሲሪስ አስገብተህ ለካ።

ሁለተኛው ኤምኤምሲዋ፣ ሲፒዩው ውስጥ ያለችው ሚሞሪ ካርድ ናት። ፕሮግራማችሁ ያለው እሷ ላይ ነው። መብራት ጠፍቶ እያለ ብቻ አውጣት። ላፕቶፕ ላይ ሰክተህ “ፎርማት ይደረግ?” ብሎ ሲጠይቅህ እሺ ካልክ ግን ኮፒው ብቻ ሳይሆን ካርዷም አበቃላት።

ቀሻሪ_ጅማ
ተባረኩ። ሰፕላዩ በአምፖሎቹ 23.6 ላይ ቆሟል። ኤምኤምሲዋን አውጥቼ ሲፒዩውን ብቻውን ሳበራው ዲሲ5ቪ በራ፤ ስቶፕ ግን በቀስታ ብልጭ ድርግም ይላል። ሁለተኛውን የአውትፑት ካርድ ስጨምር ሁሉም ይጠፋል። ብልጭታው ሌላ ብልሽት ነው?

ፓናል_ፈታሽ
አይደለም፣ ኤምኤምሲ ስለሌለ ሪሴት እየጠየቀ ነው። አጥፍተህ መልሳት። ያኔም ካልተወ ሲፒዩው ላይ ያለውን የሞድ መቀየሪያ ኤምሬስ (ሪሴት) ላይ ያዝ፤ ስቶፕ ለሁለተኛ ጊዜ ሲበራና ሳይጠፋ ሲቆይ ልቀቅ፣ በ3 ሰከንድ ውስጥ መልሰህ ኤምሬስ አድርግ። ስቶፕ በፍጥነት ብልጭ ካለ ሪሴቱ እየሠራ ነው፤ ፕሮግራሙ ከኤምኤምሲዋ ራሱ ይጫናል። ነገር ግን በሥራ ላይ እያለ የተቀየሩ የታይመርና የሚዛን ቁጥሮች ወደ ድሮው ስለሚመለሱ ሞተር ከማስነሳትህ በፊት አንድ በአንድ ተመልከታቸው። የዳያግኖስቲክ በፈሩ (ሲፒዩው የብልሽት ታሪክ የሚመዘግብበት) በሪሴት አይጠፋም፤ ፒሲ አዳፕተር (ላፕቶፕን ከሲፒዩው የሚያገናኝ ኬብል) ያለው ሰው ካገኘህ ያንብብልህ፣ ፕሮግራሙንም በዚያው ኮፒ ያድርግልህ።

የተቃጠለውን ካርድ ሳትተካ ደግሞ ራን (ሥራ) ላይ ላይቆም ይችላል። ፕሮግራሙ የሌለ ካርድ ሲጠራ ኦቢ122 (እንዲህ ያለውን ስህተት የሚያስተናግደው የፕሮግራም ክፍል) ካልተጻፈለት ሲፒዩው ስቶፕ ይገባል። ያንን አይተህ ሌላ ብልሽት መጣ እንዳትል።

ጊቤ_24ቮ
አዲሱን ካርድ ወዲያው እንዳትሰካው። የአውትፑት ካርድ የፊት ሽቦና የኋላ ባስ በኦፕቶ (በብርሃን ብቻ ምልክት በሚያስተላልፍ ክፍል) የተለያዩ ናቸው። 5 ቮልቱ ሾርት ከሆነ መከላከያውን ጥሶ የገባ ነገር አለ፤ ይህ ከፓወር ሰፕላዩ ይልቅ ወደ ውጭ በሚወጣ ኬብል የመጣ ይመስለኛል። ከዚያ ካርድ ወደ ግቢ የሚሄድ ቫልቭ ካለ ከእሱ ጀምር። ሽቦው እንደተነቀለ ወደ ኤም ለካ፦ 24 ቮልት 5 ዋት ኮይል 115 ኦም አካባቢ ያሳያል፤ ወደ ዜሮ ከተጠጋ ኮይሉ ወይም ኬብሉ ሾርት ነው። ቮልት ላይ አድርገህ ስትለካ 220 የሚያሳይ ሽቦ ካለ ደግሞ ከፓወር ኬብል ጋር ተነካክቷል፣ ነጥለህ አውጣው። የግቢዎቹን ቫልቮች ከካርዱ በቀጥታ አታስነሳ፤ መሃል ላይ ሪሌይ አስገባ፣ በሪሌዩ ኮይል ላይም 1ኤን4007 ዳዮድ ካቶዱን ወደ ፕላስ አድርገህ እሰር።

ስታዝ ካርዱ ላይ ያለውን በ6ኢኤስ7 የሚጀምረውን ቁጥር እስከ መጨረሻው ላክ፤ “ባለ 16 አውትፑት” ካልክ የሪሌይ ዓይነቱን ሊልኩልህ ይችላሉ። ይህ ሲሪስ እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ የሚገኘው በመለዋወጫነት ስለሆነ ያገለገለ ከቀረበልህ ሲፒዩው ጎን ገጥመህ 5 ቮልቱ ቀጥ ብሎ መቆሙን ሳታይ ገንዘብ አትክፈል።