ልጆቼ በዓላቱን እያምታቱብኝ ነው፣ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ። የ5 እና የ6 ዓመት ልጆችን አስተምራለሁ። በብርድ ወራት የሚከበሩ የተለያዩ በዓላትን በጨዋታ ላስተዋውቃቸው ብዬ ጀመርኩና መሃል ላይ ግራ ገባኝ።

ያስቸገረኝ ሻማው ነው። ሐኑካ የሚባለው የአይሁድ በዓል መቅረዝ 9 ሻማ ይይዛል፤ 8ቱ ለ8ቱ ሌሊቶች ናቸው፣ አንዱ ሌሎቹን መለኮሻ ነው። ኳንዛ ደግሞ 7 አለው፦ 3 ቀይ፣ 3 አረንጓዴ፣ መሃል ላይ አንድ ጥቁር። ሁሉንም ከባለቀለም ወረቀት ቆርጠን ግድግዳ ላይ ለጠፍን። በጣም ደስ አላቸው።

በማግስቱ አንዷ ጥቁሩን ሻማ ከኳንዛው ነቅላ ሐኑካው ላይ ስትለጥፍ አገኘኋት። አንዱ ወድቆ ኖሮ "ይሄኛው ጎድሎበታል" አለችኝ። ቆጥራ እኮ ነው! ቁጥሩ ገብቷታል፣ በዓሉ ግን አልገባትም።

ሐኑካ በኢየሩሳሌም የነበረው ቤተ መቅደስ ዳግም የተቀደሰበት መታሰቢያ ነው። ኳንዛ እ.ኤ.አ. በ1966 አሜሪካ ውስጥ የተጀመረ የጥቁር አሜሪካውያን የባህል በዓል ነው። ይሄን ልዩነት እንዲህ ላሉ ትንንሽ ልጆች በምን ጨዋታ ላሳያቸው? እስካሁን የሠራልኝ ድሬይደል የሚባለው የሐኑካ መጫወቻ ብቻ ነው፤ ባለ 4 ጎኗ ሽክርክሪት ላይ ያሉት ፊደላት ስለ ሐኑካው ተአምር ስለሚናገሩ፣ እያሽከረከሩ ታሪኩን ይጠይቁኛል። ለኳንዛ፣ ለገና፣ ለስዊድኖቹ የብርሃን በዓል ለሉሲያ ቀን እንዲህ ያለ ነገር አጣሁ።

ደግሞ ጸሎትን እንደ ጨዋታ ማስመሰል አልፈልግም፤ የሰው እምነት ነው። ቤተሰቡ ምንም በዓል የማያከብር ልጅም አለኝ፣ ዳር ላይ እንዲቀመጥ አልፈልግም። የሞከራችሁት ካለ እባካችሁ ንገሩኝ። በየሳምንቱ አንድ በዓል ብቻ ብይዝ ይሻል ይሆን?