ሽንት ላይ በዓይን የማይታይ ደም፦ አልትራሳውንድ ብቻ ይበቃል?

ከድሬዳዋ ነው የምጽፈው። አባቴ 63 ዓመታቸው ነው፤ 30 ዓመት ያህል ሲጋራ አጭሰዋል፣ ካቆሙ 5 ዓመት ሆኗቸዋል። ለደም ግፊት ክትትል ሄደው ሽንት ሲመረመሩ የላብራቶሪው ወረቀት ላይ «አርቢሲ 8–10» ተጻፈ፤ በማይክሮስኮፕ በአንድ እይታ የታዩ ቀይ የደም ሴሎች ቁጥር ማለት ነው። ሽንታቸው ግን ጥርት ያለ ነው። ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አንስተው «የታለ ደሙ?» አሉኝ። ሕመም የለ፣ ማቃጠል የለ።

ኢንፌክሽን ነው ተብሎ ሲፕሮ የተባለውን አንቲባዮቲክ ለ7 ቀን ወሰዱ። ከ3 ሳምንት በኋላ ሲደገም 10–12። ካልቸሩ (ባክቴሪያ የሚፈለግበት የሽንት ምርመራ) ምንም አላሳየም፤ ክሬቲኒን (የኩላሊት ሥራ መለኪያው) ደህና፣ ፕሮቲን የለም። በወጣትነታቸው አዋሽ ሸለቆ ስለሠሩ ሽንት ላይ ደም የሚያመጣው የቢልሃርዝያ ትል እንቁላልም ተፈልጎ አልተገኘም። አልትራሳውንዱ ኩላሊትና ፊኛ ደህና ነው ይላል፤ ፕሮስቴታቸው ብቻ ትንሽ አድጓል።

አንዱ ሐኪም «የድሬ ሙቀት ነው፣ ውሃ ይጠጡ፣ ከ6 ወር በኋላ ይምጡ» አሉ። እኔ አልተዋጠልኝም፤ ሙቀቱማ ለሁላችንም ነው። ሌላዋ ሐኪም አዲስ አበባ ሄደው ፊኛቸው ውስጡ በካሜራ ይታይ፣ ሲስቶስኮፒ ይሠራላቸው አሉን። አባባ ቱቦው በየት እንደሚገባ ሲሰሙ እምቢ አሉ።

ዕድሜያቸውና ሲጋራው እያለ፣ አልትራሳውንዱ ደህና መሆኑ የፊኛ ካንሰር የለም ለማለት ይበቃል ወይስ ካሜራው የግድ ነው?